በሾዋክ የተቆፈረ መቃብር
ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚሰጥ ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፤ ዮሐንስ 17፥20-23፤ ኤፌሶን 4፥1-6፤ 1 ቆሮንቶስ 1፥10-13።



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት የጸለየው በዙሪያው ስለ ነበሩት ደቀ መዛሙርት ብቻ አልነበረም። በእነርሱ ቃል ስለሚያምኑት ሁሉ፥ ይኸውም ስለ እኛም ጭምር ጸለየ። የለመነውም አንድነትን ነው። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ዓለም አይቶ አብ እንደ ላከው እንዲያምን ነው። እንግዲህ የክርስቲያኖች አንድነት ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ክርክር አይደለም። የወንጌል ምስክርነታችን ከእርሱ ጋር ይቆማል ወይም ይወድቃል።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ስለ ሰላም በአንድነት እንዲጸልዩ ጥሪ በቀረበ ጊዜ የማኅበራችን ወጣቶች እንሂድን ብለው ጠየቁኝ። እኔም፦ «ከማን ጋር እንደምትቆሙ ዕወቁ፤ ባትሄዱ ይሻላል» ብዬ መለስኋቸው። በዚያን ጊዜ ለመንጋው የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ በሾዋክ ስለ ሆነው ነገር ሲነግሩኝ በራሴ አፈርሁ። ስለዚህ ከታላላቆቹ ጉባኤዎች በፊት ከዚያች ትንሽ ከተማ እጀምራለሁ።

1. በሾዋክ የሆነው ነገር

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፥ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ በላይ ከደጋው አገራችን የሚወርዱት ውኃዎች ይገናኛሉ፤ ጓንግና አንገረብ ከጎንደር ምድር፥ ተከዜም ከላስታ ተራሮች ወርደው አንድ ወንዝ ይሆናሉ። በዚያው መንገድ ሰዎችም ወርደዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ደገኛውን ከቀዬው ባፈናቀሉ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በእነዚያም ዓመታት የሱዳን መንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በምሥራቁ ክፍል ሥራውን የሚመራው ከሾዋክ ሆኖ ነበር።

እኒያ ሽማግሌ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። ስለ እምነታቸው ከሚደርስባቸው መከራ ሸሽተው ሱዳን ገብተው በሾዋክ እህል በማራገፍ ይተዳደሩ ነበር። ከሌሎች ሁለት የወንጌል አማኞች ጋር በአንድ ጎጆ እያደሩ ማታ ማታ ቃሉን ያነቡ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የኦርቶዶክስ እናት ወደ ደጃቸው መጥታ ቆመች። ልጅዋ ሞቶባታል፤ በአቅራቢያዋ ካህን የለም፤ የቆላው ሙቀትም አስከሬን አያሳድርም። «ልጆቼ፥ መጽሐፍ ታነባላችሁ አሉኝ፤ ልጄን እንደ ክርስቲያን አስቀብሩልኝ» አለቻቸው።

ከሦስቱ አንዱ፦ «የእኛ ሰው ሲሞት እነርሱ መቼ ይቀብሩልናል?» ሲል ተናገረ። ይህ ቃል እኒያን ሽማግሌ ወጋቸው። ምክንያቱም የአባታቸው ነገር ትዝ አላቸው። አባታቸው ወንጌልን ስለ ተቀበሉ በሞቱ ጊዜ በትውልድ መንደራቸው የመቃብር ቦታ ተከልክለው ነበር። ልጆቻቸው ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው ግማሽ ቀን ከተጓዙ በኋላ በአንድ ዘመድ እርሻ ዳር ቀበሩዋቸው። ያን ያደረገው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ክርስቲያን ነኝ የሚል ነበር።

እኔም፦ «ታዲያ ምን አደረጉ፥ አባቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ልቤ፦ ቅመሱት! ይለኝ ነበር። ወዲያው ግን እኔ አባቴን ተሸክሜ የሄድሁባት መንገድ ታየችኝ፤ ይህችንም ሴት በዚያች መንገድ እንዴት እሰዳታለሁ? ብዬ አካፋውን አነሣሁ» ሲሉ መለሱልኝ።

መቃብሩን እየቆፈሩ ሳሉ አንድ ወጣት ዲያቆን ዳዊቱን በብብቱ ይዞ ከሌላ የስደተኞች መንደር ደረሰ። ማን ምን ያድርግ የሚል ጥያቄም ተነሣ። ዲያቆኑ መዝሙረ ዳዊቱን አነበበ፤ ሦስቱ ወንዶች ቆፈሩ፤ ሬሳውንም አወረዱ፤ በመጨረሻም በዚያ የነበሩት ሁሉ ጌታ ያስተማረውን ጸሎት በአንድ ድምፅ ጸለዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦርቶዶክስ፥ የካቶሊክና የወንጌል አማኞች የሆኑ ስደተኞች ከቀን ሥራቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ለመግነዝና ለውኃ የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጡ ጀመር። ደንባቸውም አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲሞት «የማን ወገን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም።

ይህ ነገር ያለ ፈተና እንደ ዘለቀ አድርጌ ብጽፍላችሁ እውነቱን አልነገርኋችሁም። አንድ ጊዜ ከእኛ ወገን የሆነ ጎልማሳ በቀብር መካከል ተነሥቶ የኦርቶዶክሶቹን ሥርዐት እየነቀፈ ሰበከ። ኅዘንተኞቹ ተቆጡ፤ መዋጮውም ለሁለት ወር ያህል ተቋረጠ። ኋላ ሽማግሌው ጎልማሳውን ይዘው ወደ ዲያቆኑ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ዲያቆኑም፦ «እኛም በአገራችን የበደልናችሁ አለ» ብሎ አለቀሰ። ወንድሞች ሆይ፥ ሁለቱ ወገኖች በዚያች ጎጆ ውስጥ ስለ እምነት አንቀጽ አንዳችም አልተስማሙም። ይሁን እንጂ ለመስማማት የሚያስፈልገው ልብ በዚያ ተገኘ።

2. አንድነት የማን ሥራ ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አንድነትን ፍጠሩ አላለም፤ የመንፈስን አንድነት በሰላም ማሰሪያ ጠብቁ አለ። የሚጠበቅ ነገር አስቀድሞ ያለ ነገር ነው። አንዱ ጌታ፥ አንዱ እምነት፥ አንዲቱ ጥምቀት ከእኛ ስብሰባ የተገኙ አይደሉም። ስለዚህ የአንድነት መሠረት የሰዎች መልካም ፈቃድ ሳይሆን የክርስቶስ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ እርሱ የሠራውን አለማፍረስ፥ የፈረሰውንም በንስሓ መጠገን ነው።

እኛ ሉተራውያን በዚህ ነገር ከአባቶቻችን የተቀበልነው ግልጥ ትምህርት አለን። በ1530 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ የቀረበው የእምነት መግለጫ በሰባተኛው አንቀጹ፥ ለእውነተኛ የቤተ ክርስቲያን አንድነት በወንጌል ትምህርትና በምሥጢራት አፈጻጸም መስማማት እንደሚበቃ፥ ሰዎች የሠሩት ሥርዐትና ልማድ ግን በየስፍራው አንድ ዐይነት መሆኑ የግድ እንዳልሆነ ያስተምራል። ይህ አንቀጽ ሁለት በር አለው። በአንዱ በር፦ ወንጌሉን ለስምምነት ብላችሁ አትሽጡ ይለናል። በሁለተኛው በር፦ ስለ ልማድና ስለ ባሕል ብላችሁ ወንድማችሁን አታርቁ ይለናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን በር ብቻ እናነባለን።

ከዚህ መግለጫ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1534 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነገር ብዙዎቻችን አናውቅም። ሚካኤል የተባለ አንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ተጉዞ ከማርቲን ሉተርና ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋገረ። ሉተር ይህ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በሥላሴ እምነት ከእነርሱ ጋር እንደሚስማማ አየ፤ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከእነርሱ ሥርዐት ቢለይም በሥርዐት መለያየት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ተረዳ። የድጋፍ ደብዳቤም ተጽፎለት በሰላም ተሰናበተ። እንግዲህ በስሙ የምንጠራበት መምህር ኢትዮጵያዊውን ዲያቆን በማዕዱ አስቀምጦ ሲያነጋግር፥ እኛ የዚያ ዲያቆን ወገን ከሆነው ጎረቤታችን ጋር ስለ ሰላም ለመጸለይ መፍራታችን እንዴት ነው?

3. አንድነት ያልሆነው

ሁለት ነገሮች አንድነትን ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። እነርሱም ግዴታና ሽሚያ ናቸው።

ስለ ግዴታ የጎንደር ምድር ምስክር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡን ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ ወደዚያው ለማስገባት ሞከሩ። የገበሬው ሁሉ ጥምቀትና ሥርዐት በዐዋጅ እንዲለወጥ ተፈለገ። ከዚህም የተነሣ ደም ፈሰሰ፤ ወገን ከወገኑ ጋር ተዋጋ። በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በሯን ለባዕዳን ሚሲዮናውያን ለረዥም ጊዜ ዘጋች። በሰይፍ የመጣ አንድነት ዐሥር ዓመት ብቻ ቆይቶ የብዙ ዘመን ጥርጣሬ ትቶ አለፈ። ዛሬም ደገኛው «ከውጭ የመጣ ሃይማኖት» ሲል ከዚያ ቁስል የቀረ ሕመም እንዳለበት እናስብ።

ስለ ሽሚያ ደግሞ የሱዳን ምድር ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ወንጌል ወደ ኖብያ መንግሥታት በገባ ጊዜ፥ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ የኤፌሶኑ ዮሐንስ እንደ ጻፈው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ መልእክተኞችን ሲልክ ሚስቱ ቴዎድራ ደግሞ ጉባኤውን የማይቀበሉትን ላከች። የእርስዋም መልእክተኛ ዩልያኖስ ቀድሞ ደረሰ። ሕዝቡ ክርስቶስን በሰማበት በዚያው ቀን የመልእክተኞቹን ጠብ ሰማ። ሆኖም እግዚአብሔር ቸር ስለ ሆነ ወንጌሉ በዚያ ምድር ሥር ሰደደ፤ የኖብያ ክርስትናም አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዘለቀ። ከካርቱም አጠገብ ያለችው ሶባም የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ግን ከዚያች ቤተ ክርስቲያን የቀረው ፍርስራሽና በግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። ይህን የምጽፈው የጠፋችው በሽሚያው ምክንያት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሕንጻና ዘመን ብቻ ቤተ ክርስቲያንን እንደማያኖሩ፥ እንዲሁም አዲስ ምእመን ለማግኘት ስንሻማ ለልጆቻችን ምን እንደምናወርስ እንድናስብ ነው።

4. ስለ አንድነት የተደረጉ ጉባኤዎች

በዘመናችን የአንድነት ናፍቆት ከሚሲዮን መስክ ተነሣ። በ1910 እ.ኤ.አ. በኤድንበርግ የተሰበሰቡት የሚሲዮን ሰዎች፥ ክርስቶስን ላላወቁ ሕዝቦች ተለያይቶ መስበክ ምስክርነትን እንደሚያደክም ተነጋገሩ። ከዚያም በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም 147 አብያተ ክርስቲያናት ተገናኝተው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትን መሠረቱ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። አንዳንዶች የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት የምዕራባውያን ፈጠራ ነው ሲሉ ይህን አያውቁም።

በጥር 1957 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን፥ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠሪነት የኢትዮጵያ፥ የግብጽ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። በእምነት አንድ ሆነው ሳሉ ባሕርና በረሃ ስለ ለያያቸው በየራሳቸው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። በዚያ ጉባኤ ፊት ለፊት ተያይተው ስለ ትምህርት፥ ስለ ወንጌል አገልግሎትና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ስላላቸው ግንኙነት ተማከሩ። ከዚህ የምንማረው በእምነት አንድ የሆኑ እንኳ ካልተገናኙ እንግዳ እንደሚሆኑ ነው።

የእኛም ቤት ያለ ምክክር አልተሠራም። የስዊድን፥ የኖርዌይ፥ የጀርመን፥ የዴንማርክ፥ የአይስላንድና የአሜሪካ ሉተራውያን ሚሲዮናውያን በየክፍሉ ወንጌልን ዘሩ። ከዚያ የተገኙት ማኅበሮች በስም በስም ተለያይተው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተብለው በአንድነት ተመሠረቱ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የተገኘችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በአውሮፓ ሉተራውያንና የካልቪን ተከታዮች ስለ ጌታ ራት ለዘመናት የተከራከሩበትን ነገር የአገራችን አማኞች በአንድ ቤት ተቀምጠው ተሸከሙት።

የአንድነት ሥራ ዋጋም ያስከፍላል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሓፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአብዮቱ ዘመን የኦርቶዶክስን፥ የካቶሊክንና የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት ለትብብር በአንድ ምክር ቤት ለማሰባሰብ ደከሙ። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የሁለቱም አጽም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በክብር ዐረፈ። በሕይወት ሳሉ በሁለት መንበር ያገለገሉት በሞት አንድ ምስክርነት ሰጡ።

5. በሱዳን የታየው ፍሬ

በሱዳን አገር ክርስቲያኖች በቁጥር ጥቂቶች ስለ ሆኑ አብሮ መሥራት ለእነርሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ተመሠረተ። በዚህ ምክር ቤት ካቶሊኮች፥ ኦርቶዶክሶች፥ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን አባሎችና ፕሬስቢቴሪያኖች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። በዚያን ዘመን በደቡብና በሰሜን መካከል ብርቱ ጦርነት ነበረ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪቃ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሁለቱን ወገኖች አገናኙ፤ የላይቤርያው ተወላጅ ካህን በርጌስ ካር ውይይቱን መሩ፤ በየካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ። ሰላሙ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በ1983 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ተመልሶ ቢነሣም፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ማለት በሰላም ተወልዶ ትምህርት ቤት የገባ አንድ ትውልድ ማለት ነው። እርስ በርሳቸው ተኮራርፈው ቢሆኑ ኖሮ እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ለታረቁት ሰዎች ምን ቃል ይኖራቸው ነበር?

ወደ ሾዋክ መንገድ እንመለስ። በ1981 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ተራድኦና ሌሎች የአብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅቶች ከሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ጋር ሆነው በካርቱም አንድ የአስቸኳይ ርዳታ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። በእርሱም በኩል እህል በጭነት መኪና ከምሥራቅ ሱዳን ተነሥቶ ድንበር እየተሻገረ በኤርትራና በትግራይ ለተራቡት ይደርስ ነበር። መኪናዎቹ አውሮፕላን እንዳያገኛቸው የሚጓዙት በሌሊት ነበር። በዚያው ዘመን በመንግሥት እጅ ባለው ክፍል ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፥ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ከካቶሊክ የርዳታ ድርጅት ጋር በአንድነት እህል ያከፋፍሉ ነበር። እንግዲህ በጦር ግንባሩ ወዲህና ወዲያ የነበሩት ረኃብተኞች ከአብያተ ክርስቲያናት የተባበረ እጅ በሉ። የተራበ ልጅ ዱቄቱን ያመጣው ሉተራዊ ነው ወይስ ካቶሊክ ብሎ አልጠየቀም።

ያ መንገድ ዛሬም ከእንባ አላረፈም። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ምድር ገቡ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም እንግዳ ሲቀበል የኖረው ሕዝብ ራሱ እንግዳ ሆነ፤ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻገሩ። ባለ ዕዳዎች ነንና ይህን አንርሳ።

6. ታዲያ እውነትስ?

አንድ አስተዋይ ወንድም እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መቅበርና እህል ማካፈል መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ጸጋ፥ ስለ ምልጃ፥ ስለ ቅዱስ ቍርባን ያለን ልዩነት ቀላል ነውን? በፍቅር ስም እውነትን ልንሸፍን ነውን?» ይህ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች መለያየትን ሲነቅፍ ስለ ወንጌል እውነት ደግሞ ለገላትያ ሰዎች ጴጥሮስን ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው ጽፎአል። ሁለቱም የአንድ ሐዋርያ ሥራ ናቸው።

ስለዚህ በአንድ ማዕድ ገና የማንቀርብ ከሆነ የቀረብን አስመስለን አናታልል። በሾዋክ የነበሩት ወንድሞችም ከዲያቆኑ ጋር አብረው አልቈረቡም፤ እርሱም አልጠየቃቸውም፤ እነርሱም አልተቀየሙትም። ያ መለያየት ግን ያሳዝናቸው ነበር። ሽማግሌው፦ «እሑድ ጧት እርሱ ወደ ቅዳሴው፥ እኛ ወደ ጎጆአችን ስንለያይ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋ ነበር» ብለውኛል። ወንድሞች ሆይ፥ በመለያየታችን ማዘን የአንድነት መጀመሪያ ነው። በመለያየቱ የሚኮራ ሰው ግን እውነትን ይጠብቃል ለማለት ያስቸግራል፤ ምናልባት የሚጠብቀው ራሱን ነው።

ደግሞም ልዩነት በትዕግሥትና በምርምር ሊቀንስ እንደሚችል አይተናል። የተሐድሶ ዋና ጥያቄ በነበረው በጽድቅ ትምህርት ላይ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ከተመካከሩ በኋላ በጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የቀረው ልዩነት ሁሉ አልተወገደም። ነገር ግን ዐራት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በቆየ ጠብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከተቻለ፥ በእኛ መንደር አይቻልም ማለት እምነት ማጣት ነው።

በ1952 እ.ኤ.አ. በሉንድ የተሰበሰቡት አብያተ ክርስቲያናት ለሁላችን የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። አሳቡ፥ የእምነት ጥልቅ ልዩነት ለብቻ እንድንሠራ ካላስገደደን በቀር በሌላው ነገር ሁሉ አብረን ልንሠራ አይገባምን? የሚል ነው። እኛ ልማዳችን የተገላቢጦሽ ነው። ሁሉን ለብቻችን እየሠራን አብሮ ለመሥራት ምክንያት እንፈልጋለን። እነርሱ ግን ለብቻ ለመሥራት ምክንያት ይፈለግ አሉ።

7. በማኅበራችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ አንደበታችንን እንጠብቅ። በስብከታችን የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ስንናገር፥ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምእመን በመካከላችን ተቀምጦ ቢሰማ «ትክክል ተናገረ፤ እምነቴን አላጣመመም» ሊል በሚችልበት መንገድ እንናገር። በሐሰት የተወነጀለ ሰው ወደ እውነት አይመጣም።

ሁለተኛ፥ በኅዘንና በመከራ ቀን እንገኝ። የጎረቤታችን ቤት ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል፥ ውኃ ለመቅዳት፥ መቃብር ለመቈፈር የመጀመሪያዎች እንሁን። በዚያ ስፍራ ግን ኅዘንተኛውን ለክርክር አናጥምደው። የሾዋኩ ጎልማሳ ያደረገውን አንድገም።

ሦስተኛ፥ የደረሰብንን በደል ይቅር እንበል። በደጋው አገር ስለ ወንጌል መቃብር የተከለከሉ፥ ከእድር የተባረሩ፥ እሳት እንኳ የተነፈጉ ወላጆች ያሉአችሁ ብዙ ናችሁ። ያን እርሱት አልላችሁም። ጌታም ቁስሉን ሳይሸፍን ነው ከሙታን የተነሣው፤ በቆሰለችው እጁ ግን ባረከ። እኛም በበኩላችን ኦርቶዶክሱን ወንድማችንን «ጨለማ ውስጥ ያለ» እያልን በትዕቢት የተናገርነው ካለ ይቅርታ እንጠይቅ።

አራተኛ፥ እንጸልይ። በብዙ አገሮች ክርስቲያኖች በየዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ከጥር 18 እስከ 25 ስለ አንድነት አብረው ይጸልያሉ። ይኸውም በእኛ የጥምቀት ሰሞን ነው። በአንድ ስፍራ መሰብሰብ ባይቻል እንኳ በዚያ ሳምንት የጎረቤት አጥቢያውን ካህን፥ ቄስና ወንጌላዊ በየስማቸው እየጠራን በቤታችን እንጸልይ። ስሙን ጠርተን የጸለይንለትን ሰው ለመጥላት እንቸገራለን።

እኔም ለእነዚያ ወጣቶች የሰጠሁትን ምክር በማኅበሩ ፊት አንሥቼዋለሁ። ከመካከላቸው አንዲት እኅት፦ «አባታችን፥ እኛ እኮ በዚያን ቀን ሄደን ነበር፤ እርስዎን ፈርተን አልነገርንዎትም» አለችኝ። በጎቹ ከእረኛው ቀድመው ውኃውን አግኝተው ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች፤

1) በዮሐንስ 17 መሠረት ጌታ አንድነትን የለመነው ለምን ዓላማ ነው? በመንደራችን ያለው መለያየት ላላመኑት ሰዎች ምን ይነግራል?
2) በአውግስቡርግ መግለጫ መሠረት ለአንድነት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የማያስፈልገውስ? ከምንከራከርባቸው ነገሮች የትኞቹ በየትኛው ክፍል ይገባሉ?
3) በግዴታ የመጣ አንድነት ለምን አይጸናም? እኛስ ሰውን በጥቅም ወይም በማስፈራራት ወደ እኛ ለመሳብ ሞክረን እናውቃለን?
4) ያቺ እናት ዛሬ ማታ ወደ ደጃችን ብትመጣ ማኅበራችን ምን ይመልስላታል?

ጸሎት፤

ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፥ ለቤተ ክርስቲያንህ ራስዋ አንተ ነህ። ባንተ ላይ የሠራነውን የመለያየት ኀጢአት ይቅር በለን። እውነትህን እንድንጠብቅ ብርታት፥ ወንድማችንን እንድንወድ ትሕትና ስጠን። በስደት ያሉትን፥ በሱዳንም በኢትዮጵያም ከቤታቸው የተፈናቀሉትን ሁሉ አስባቸው፤ ያለ ቀባሪ የሞቱትንም አንተ ታውቃቸዋለህ። የደጋው ውኃዎች ወርደው አንድ ወንዝ እንደሚሆኑ፥ ሕዝብህን ሁሉ በፈቀድኸው ጊዜና መንገድ ሰብስብ። አሜን።